በላዩ የተጻፈው ዓመት አይታመንም

በጫግኒ ከተማ፣ በጓንጓ ገጠር ቀበሌዎች፣ በዳንግላና በእንጅባራ ያላችሁ አድማጮች ሁሉ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አሮጌ ገንዘብ ነው። ቤታችሁ ያለ ካለ አውጡትና በእጃችሁ ይዛችሁ ስሙኝ። ከአያት አንገት የወረደ ማርትሬዛ፣ ከሣጥን ሥር የቀረ ግርሽ፣ የጃንሆይ ዘመን ቀይ ሳንቲም፣ ማንኛውም ይሆናል። ብቻ አትጠቡት፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከማርትሬዛው እንነሳ። 1780 የሚለውን ያነበበ ሁሉ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ብር ነው» ይላል። ላይሆን ይችላል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው በዚያው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ብሯ ግን እሷ ከሞተች በኋላም ያንኑ መልክና ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሚላኖ፣ በቬኒስ፣ ኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ሲታተም ኖሯል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የእኛው ገበያ ነው። ነጋዴው የለመደውን ፊት ካላየ ብሩን አይቀበልም። የንግሥቲቱን ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ከምስሏ ሥር ያሉትን ኤስ እና ኤፍ የሚባሉ ሁለት ፊደላት ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ገዥ ባለበት ዓመት ለመቀየር የሚደፍር ማን ነው?

ነገሩ የፖለቲካም መሣሪያ ሆኖ ነበር። የጣሊያኑ መሪ ሞሶሎኒ እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችንን ሊወርር ሲነሳ፣ ማርትሬዛን የማተም መብት ለ25 ዓመት ከኦስትሪያ ወስዶ ሥራውን ሮም አስገባው። እንግሊዞችም ዝም አላሉም፤ በማግሥቱ ዓመት ለንደን ላይ የራሳቸውን ማተም ጀመሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 ቦምቤይ ውስጥ ታተመ። ጃንሆይ (ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ከስደት ተመልሰው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው በበላያ አድርገው ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጡ፣ ስንቅና ጥይት የሚመጣው በግመል ነበር፤ ለአርበኛውና ለገበሬው የሚከፈለውም ማርትሬዛ ነበር። በላያ ከእኛ ምን ያህል ይርቃል? ስለዚህ እዚህ አዊ ውስጥ ከአንዲት እናት አንገት ላይ ያለው የ1780 ብር የቦምቤይ ወይም የለንደን ልጅ ቢሆን እኔን አይገርመኝም።

ታዲያ ዓመቱ ካልነገረን ማን ይነግረናል? ማኅተሙ።

ገንዘብ የሚወጣው በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ነው። ዝርጉ ብር ከታችኛው ማኅተም ላይ ይቀመጣል፤ የላይኛው በኃይል ይወርድበታል፤ ፊቱም ጀርባውም በአንድ ምት ይወጣል። ማኅተሙ ላይ ጎድጎድ ተደርጎ የተቀረጸው ነገር ገንዘቡ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ብረቱ ብዙ ከመታ በኋላ ይደክማል፤ ጠርዙ ይደንዛል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ሌላ ይተካል፤ አዲሱ ደግሞ ከአሮጌው ጋር ፍጹም አንድ አይሆንም። ከማርትሬዛው ጀርባ ያለውን ባለሁለት ራስ ንስር ጅራት ተመልከቱ። የላባዎቹ አሰዳደር ከብር ብር ይለያል። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ (ብሮሹ) ዕንቁዎች አቀማመጥ፣ ከ1780 ቀጥሎ ያለው ነጥብና መስቀለኛ ምልክትም እንደዚሁ። አጥኚዎች የትኛው ብር የየትኛው ከተማ እንደሆነ የለዩት በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። ብሩን ከመስኮት በአግድም በሚገባ ብርሃን ሥር ያዙት፤ የስልካችሁ ካሜራ አቅርቦ ካሳየ አጉሊ መነጽር አያስፈልግም። ሜዳው ላይ፣ ማለትም ምስልና ጽሑፍ በሌለበት ዝርግ ቦታ፣ ቀጭን መስመር ካያችሁ ጥፍራችሁን በዝግታ አሻግሩበት። ጥፍሩ ወደ ውስጥ ከገባ ጭረት ነው፤ በኋላ የደረሰ ጉዳት። መስመሩ ከፍ ብሎ ጥፍሩን ካደናቀፈው ግን ማኅተሙ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ሲመታ ብሩ ወደ ስንጥቁ ገብቶ የወጣ ነው። ይህ እንግዲህ እውነተኛ የማተሚያ ቤት ጉድለት ነው። ከታተመ በኋላ የሚጨመር መስመር በቀላሉ ከሜዳው ከፍ አይልም፤ ይህን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

የሚታለል ብዙ ነው። በየስልኩ «ስሕተት ያለበት ሳንቲም ሚሊዮን ያወጣል» የሚል ወሬ ይዞራል። የጎበጠው፣ በመዶሻ የተመታው፣ እሳት የነካው ሁሉ «ልዩ» ተብሎ ሲቀርብ አያለሁ። ጌጥ የሆኑት ማርትሬዛዎች ላይ ያለው ማንጠልጠያና ቀዳዳም የአንጥረኛ ሥራ እንጂ የማተሚያ ስሕተት አይደለም። ሰብሳቢዎች ለተበሳ ብር ዋጋ ይቀንሳሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ አንገት ላይ የዋለ ብር ከባንክ ከረጢት ካልወጣ ብር ይልቅ ደስ ይለኛል። ከማኅተም ስንጥቅ ሌላ እውነተኛ ስሕተት የሚባለው ምስሉ ከመሃል ሸሽቶ የአንዱ ወገን ጠርዝ ባዶ ሲቀር፣ ወይም ፊቱን ቀጥ አድርጋችሁ ስታገላብጡት ጀርባው ከሌሎቹ በተለየ ተዘንብሎ ሲገኝ ነው።

ወደ ራሳችን ገንዘብ እንምጣ። የዳግማዊ ምኒልክ ብር መጀመሪያ የታተመው ፓሪስ ሲሆን ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር 1887 ይላል። አንበሳውን እዩት። በ1887ቱና በ1889ኙ ብር ላይ የተነሳው የፊት እግሩ ግራው ነው፤ በ1892ቱና በ1895ቱ ላይ ቀኙ ነው። ማኅተሙ ተቀይሯል ማለት ነው። የአዲስ አበባው ማተሚያ ሥራ ከጀመረ በኋላም ግርሽ ላይ 1895 የሚለው ዓመት እንዳለ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ማርትሬዛን ሊተካ የወጣው የምኒልክ ገንዘብ ሳይተካት ቀረ፤ ዓመት ያለመቀየር ጠባይዋን ግን ወረሰ ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ጃንሆይም ያንኑ አደረጉ። 1936 የሚሉት ሳንቲሞች በፊላደልፊያ፣ በበርሚንግሃምና በለንደን እስከ 1960ዎቹ ዓ.ም. ድረስ በዚያው ዓመት ታትመዋል። ከእነሱ ውስጥ እኔ የምወደው ሃያ አምስት ሳንቲሙን ነው። መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ቀይ ነው፤ በስፋት ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ይቀራረባል። ብልጣ ብልጦች ነጭ እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ሒሳብ ያሳልፉት ጀመር። መፍትሔው ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል መሸንሸን ሆነ፤ ዓይን ቢታለል ጣት አይታለልም። አዲስ ከታተሙት ሌላ፣ ክብ ሆነው የወጡ ሳንቲሞችም ተሰብስበው ጠርዛቸው ተሸንሽኗል። ስለዚህ ክቡ ሃያ አምስት ሳንቲም እጃችሁ ከገባ በሸንሻናው አትለውጡት።

አክሱም ከእኛ ሩቅ ቢሆንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን፣ የራሱን ገንዘብ ያወጣ መንግሥት ነው። ኋለኞቹ የወርቅ ሳንቲሞች ላይ ያለው የግሪክ ጽሑፍ ፊደሉ የተዛባ፣ አንዳንዱም የተገለበጠ ነው፤ ቀራጮቹ ግሪክኛ እየረሱ መሄዳቸው ይታያል። እንዲህ ያለ ሳንቲም በእርሻ ላይ ቢወጣላችሁ በአዋጅ 209/1992 መሠረት ቅርስ ነውና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

እጥበቱን ቃል ገብቻለሁ። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና የነካው ብር ያብረቀርቃል፤ ግን ላዩን ያጣል። አብሮት የሚፋቀው የላባው ጭረት፣ የዕንቁው ዙሪያ፣ የመስቀለኛዋ ምልክት ጫፍ ነው፤ እነዚህ ከሄዱ ሮም ይሁን ቦምቤይ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። አፈር ካለበት በንጹሕ ውኃ አለቅልቁና በለስላሳ ጨርቅ ሳትፈትጉ አድርቁት። ክብደቱን ለማወቅ ወደ ወርቅ ቤት ውሰዱት፤ ደህናው ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። በጣም ከጎደለ ተሸርፏል ወይም ሐሰተኛ ነው።

ልጆች ደግሞ የደርግ ዘመኑን አሥር ሳንቲም ፈልጉ፤ 1969 የሚለውን። ብዙ ሰብስባችሁ የአንበሳውን አገጭ አነጻጽሩ። በአንዳንዱ ጢሙ እኩል ነው፤ በሌላው ሁለቱ ረዘም ብለው ይወርዳሉ። ያገኛችሁትን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆዩልኝ፤ ጣሊያን ትቶት ስለሄደው ሊሬ ስናወራ በእናንተ ግኝት እንጀምራለን።