ለጠባብ ስክሪን የሚነደፍ የአማርኛ ገጽ



የድረ ገጽ ነዳፊ ሥራውን የሚመረምረው ብዙውን ጊዜ በሰፊ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ነው። ያው ገጽ በመንዝ መሐል ሜዳ፣ በግሼ ራቤል ወይም በመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ ሲከፈት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከመዳፍ በማይሰፋ ስልክ ላይ ነው። የፈተና ውጤት ሠንጠረዥ ወደ ቀኝ ተሻግሮ የመጨረሻው ዓምድ ከተሰወረ፣ ተማሪው ውጤቱ አልተነገረውም ማለት ነው።

ቀድሞ መፍትሔ ሆኖ የተያዘው ለስልክ ሌላ ገጽ መሥራት ነበር፤ አንዱ ሲታደስ ሌላው ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊው ነዳፊ ኢታን ማርኮት አንዱ ገጽ ራሱ ለስክሪኑ እንዲታዘዝ ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም ዓምዶቹ በመቶኛ እንዲለኩ፣ ሥዕሎቹ ከዓምዳቸው እንዳይተርፉ፣ አደራደሩም እንደ ስክሪኑ ስፋት እንዲለወጥ ነው።

የብራና ጸሐፊ ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በዳዊት መጽሐፍ መዝሙራቱ በአንድ ዓምድ ይጻፋሉ፤ በዚያው ጥራዝ ውስጥ ውዳሴ ማርያም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለት ዓምድ ይዞራል። መስመር ሲያልቅበትም ጸሐፊው ቃሉን ከመካከሉ ቆርጦ ቀሪውን ወደ ታች ያወርዳል። የቃሉን ወሰን የሚያሳየው ሁለት ነጥብ ስለሆነ አንባቢው አይደናገርም።

ዛሬ በሁለት ነጥብ ፈንታ ባዶ ቦታ ገብቷል። ብራውዘርም በተለመደው አሠራሩ የአማርኛን መስመር የሚቆርጠው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው። «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚለው ቃል 12 ፊደል አለው፤ በጉልህ ርእስ ውስጥ ሲገባ ከስልኩ ዳር አልፎ ገጹን በሙሉ ወደ ጎን ይጎትታል። ቃሉ ከመካከሉ እንዲቆረጥ ማዘዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለት ነጥቡ በሌለበት ቁራጩ ሌላ ቃል ይመስላል። ርእሱን ማሳጠር ይሻላል። ፊደሉን እጅግ ማሳነስ ደግሞ ከሁሉ የከፋ መድኃኒት ነው፤ ሉን ከሊ የሚለየው የአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ብቻ ነውና።

ሥዕልም የራሱ ጣጣ አለው። የጓሳን ጭላዳ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በስልክ ላይ አንሶ ቢታይም፣ ለሰፊ ስክሪን የተዘጋጀው ፋይል እንዳለ ከተላከ የተመልካቹን የኢንተርኔት ጥቅል በከንቱ ይበላል። ስለዚህ አንዱን ሥዕል በልዩ ልዩ መጠን አዘጋጅቶ ምርጫውን ለብራውዘሩ መተው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ጽሑፍ በ320 ፒክሰል ስፋት ወደ ጎን ሳይንሸራተት እንዲነበብ ያዝዛል። ሠንጠረዥን ግን ከዚህ ደንብ ነፃ አድርጎታል። እዚህ ላይ ነዳፊው ደንቡን መጠበቅ የለበትም፤ እያንዳንዱን ትምህርት ከነውጤቱ በየራሱ መስመር ወደ ታች ሊደረድረው ይችላል።