ጉድጓዱ የሚጠጣው ቤንዚን

(ይህ ንግግር በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በልማት ኮሚቴው ስም የተሰማ ሲሆን፣ በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ ሙሉ ቃሉ በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የፈለግነው ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለ መንገዳችንና ስለ ዓለም አየር ነው። ሦስቱን ምን አገናኛቸው የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም በኮሚቴ ስንነጋገርበት በመጀመሪያ የየብቻቸው ጉዳይ መስለውን ነበር። ያገናኘልን ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ጫፍ ላይ ቆሞ «ወደ ውስጥ አልገባም» የሚለን ባለ ሚኒባስ ነው።

እንደሚታወቀው ከዋናው አስፋልት እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለውን መንገድ ታክሲዎች እርግፍ አድርገው ከተዉት ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ከሾፌሮቹ አንዱን ሻይ ጋብዘን ጠየቅነው። «እናንተ ሰፈር ገብቼ እስክወጣ የማቃጥለው ቤንዚን አስፋልት ላይ እጥፉን ያስኬደኛል፤ የሞላውን ስብራት ገና አልቆጠርኩትም» አለን። ጥቂት ማጋነኑ አይቀርም፣ ሾፌር ነውና። ቢሆንም ነገሩ ውሸት አይደለም። ውጤቱን ደግሞ ሁላችንም አይተነዋል። ባለፈው ነሐሴ አንዲት ጎረቤታችን ሌሊት ምጥ ሲይዛት የተጠራው መኪና ጭቃውን አይቶ ተመለሰ፤ ወጣቶቻችን በወንበር ተሸክመው እስከ አስፋልቱ አደረሷት። ፈጣሪ ይመስገን፣ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ለሚመጣው ክረምት ግን ማን ዋስትና ይሰጠናል?

አሁን ወደ ነዳጁ እንሂድ። ዕድሜው የገፋ ሰው እንደሚያስታውሰው በነዳጅ ዋጋ መጨነቅ ዛሬ የጀመርነው አይደለም። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓረብ አገሮች ነዳጅ በማገዳቸው የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል አሻቀበ። ጭማሪው አዲስ አበባ ድረስ መጣና በየካቲት ወር ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት ሳይወድ በግድ ከጭማሪው ከፊሉን ቀነሰ፤ የዚያ ዓመት ነገር በምን እንዳበቃ ለእናንተ አይነገርም። ያኔም ዛሬም ያልተለወጠው ነዳጁ የእኛ አለመሆኑ ነው። የአሰቡ ማጣሪያ ይሠራ በነበረበት ዘመን እንኳ ድፍድፉ የሚመጣው ከውጭ ነበር። ዛሬ ደግሞ የተጣራው ጅቡቲ ይራገፍና በቦቴ ተጭኖ እስከዚህ ዳገት ይወጣል፤ ሒሳቡም የሚከፈለው በዶላር ነው።

መንግሥት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከዶላር አንጻር ግማሽ ያህሉን ዋጋውን አጣ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም ወዲህ እዚያው አልቆመም። «መኪና የለኝም፣ ምን አገባኝ» የሚል ካለ ጤፉን ማን እንደሚያመጣለት ይጠይቅ። ከጎጃም የተነሣ የጭነት መኪና የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ እንደገና ያንን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ነው እዚህ የሚደርሰው። ናፍጣው እንጀራችን ላይ አለ። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሌላም አለ፤ መኪናው ወደ ውስጥ ስለማይገባ ከአስፋልቱ እስከ ቤት ድረስ ለኩንታሉ የጋሪ ለብቻ እንከፍላለን።

እንግዲህ የሊትሩ ዋጋ የሚወሰነው እኛ በሌለንበት ቦታ ነው። ሊትሩ ስንት ብር ነው የሚለውን መንካት አንችልም። ስንት ሊትር ይቃጠላል የሚለውን ግን በመጠኑም ቢሆን እንችላለን። መንገዱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

አንድ መኪና በደኅና መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ሞተሩ የሚደክመው የአየሩንና የጎማውን መጎተት ለማሸነፍ ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል። በቤንዚን የተገዛው ፍጥነት ፍሬን ሸራው ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ጉድጓዱን እንዳለፈ በአንደኛ ማርሽ እንደገና ይነሣል፤ ያንኑ ፍጥነት ሁለተኛ ጊዜ ገዛው ማለት ነው። ሃያ ሜትር ሳይሄድ ሌላ ጉድጓድ፤ ሦስተኛ ግዢ። ጎማው ሲጨፈለቅና ሞላው ሲወጣ ሲወርድ የሚፈጠረውም ሙቀት ከዚያው ከታንከሩ የወጣ ነው። ከፊት ያለው መኪና እስኪያልፍ ቆሞ የሚያጉረመርመውማ አንድ ሜትር ሳይራመድ ይጠጣል። ስለዚህ ጉድጓዱ ቤንዚን ይጠጣል የምንለው ንግግር ለማሳመር አይደለም።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ግምት መሆኑን ግን አትርሱብን። ታክሲው ቢቀር የቤት መኪናው፣ የጭነቱ፣ የአሸዋውና የድንጋዩ መኪና አልቀረም። ከጠዋት እስከ ማታ ሠላሳ ተሽከርካሪ ገብቶ ቢወጣ፣ በእያንዳንዱ ደርሶ መልስ በመንገዱ መበላሸት ብቻ የሊትር አንድ አሥረኛ፣ ማለትም አንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ ያህል ቢባክን፣ በቀን ሦስት ሊትር ነው። በዓመት ሦስት መቶ ቀን ብንይዝ 900 ሊትር ይሆናል። በ2017ቱ በ101 ብር ብናስበው እንኳ ከ90 ሺህ ብር በላይ እዚያች አንድ መንገድ ላይ አፈሰስን ማለት ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው ባለ መኪናው ይመስላል እንጂ በሲሚንቶው፣ በአሸዋውና በሽንኩርቱ ዋጋ ውስጥ ሆኖ ወደ እያንዳንዳችን ቤት ይገባል።

ወደ አየሩ እንለፍ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ናፍጣ ሲሆን ወደ 2.7 ኪሎ ይጠጋል። ይህን በኮሚቴ ስናነሣ ከወጣቶቹ አንዱ «እንዴ! ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላ፣ እንዴት ሁለት ኪሎ ከምናምን ጋዝ ይወጣዋል?» ብሎ አፋጠጠን። ጥያቄው ደኅና ጥያቄ ነው። መልሱ ቀሪው ክብደት የሚመጣው ከአየሩ ነው የሚል ነው። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየሩ ኦክሲጅን ይወስዳል፤ ለእያንዳንዱ 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክሲጅን ይገባና 44 ግራም ጋዝ ይሆናል። ከሰል አቀጣጥለን የምናሞቀው ቡናም ሕጉ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። ከአሮጌ መኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣውን ጥቁር ጭስ ብዙዎቻችን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንለዋለን። አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ጥቁሩ ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ያረጀና ያልተስተካከለ ሞተር የሚበቃውን ኦክሲጅን ሲያጣ ያጨሳል። በዳገትና በጉድጓድ ላይ በአንደኛ ማርሽ ሲጨነቅ ደግሞ ይብስበታል። የማይታየው ጋዝ ምድርን ያሞቃል፤ የሚታየው የሚያስለው ግን መንገድ ዳር ቤት ያላቸውን ልጆቻችንን ነው።

የካርቦኑን ነገር ስናነሣ አንድ አባታችን «ፈረንጅ ያጨሰውን እኛ ልንከፍል ነው?» ብለው ተቆጡ። እኛም ከእሳቸው ጋር ነን። ዓለም ከድንጋይ ከሰል፣ ከዘይትና ከጋዝ በዓመት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ37 ቢሊዮን ቶን በላይ ደርሷል። ከዚህ ውስጥ አንድ አሜሪካዊ በአማካይ 14 ቶን ገደማ ይደርሰዋል፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ሁለት መቶ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ጉዳቱ ሲመጣ ግን እንዲህ አልተከፋፈለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ምናልባት በሕይወቱ መኪና ነድቶ አያውቅም። ስለዚህ የእኛ ሰፈር ጉድጓድ ቢደፈን የዓለም ሙቀት ይበርዳል ብለን አንቀልድባችሁም። ይሁንና ያንን 900 ሊትር በ2.3 ብታባዙት ሁለት ቶን ይሆናል። አንድ ኢትዮጵያዊ ሁለት መቶ ኪሎ የማይሞላ ከሆነ፣ አንዱ መንገዳችን ብቻ የአሥር ሰው ድርሻ በከንቱ ያጨሳል ማለት ነው። መንገዱን የምንሠራው ለገንዘባችንና ለምጥ ለተያዘች እናት ነው፤ የአየሩ ጥቅም ባለ ሱቅ እንደሚጨምርልን ምርቃት ይቆጠርልን።

«ኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፣ ነዳጁም ጭሱም ይቀራል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪካችንም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን የእነዚህ መኪናዎች ባትሪ የተዘረጋው ከሆዳቸው ሥር ነው፤ ያንን ይዞ የእኛን ሰፈር ጉድጓድ የሚደፍር ባለ መኪና ካገኛችሁ አሳዩን።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከየቤቱ አምስት አምስት መቶ ብር አዋጥታችሁ ኮሚቴው ገረጋንቲ አስመጥቶ ጉድጓዶቹን አስሞላ። ጭብጨባችሁን እናስታውሳለን። በነሐሴ ገረጋንቲው በሙሉ ወርዶ ወንዝ ገባ። ገንዘቡ ተበላ ተብሎ የተወራው ውሸት ነው፤ ደረሰኙ ሁሉ አለ። እውነቱ ግን ከዚያ የሚሻል አይደለም፤ ቦዩን ሳንከፍት ጉድጓዱን ደፈንን። መንገድን የሚገድለው መኪናው ብቻውን አይደለም፣ ውኃው ነው። ቦይ ሲደፈን ውኃው መንገዱ ላይ ይተኛል፤ በስንጥቁ ይገባና ከሥር ያለውን አፈር ያላላዋል፤ ከዚያ ጎማ ሲረግጠው ጭቃው ተገፍቶ ይወጣና ላይኛው ይሰምጣል። ይህንን ከእኛ ሁለቱ ያውቁ ነበር፤ ቸኩለን አልሰማናቸውም። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ቦዩን የደፈነው ምን እንደ ሆነ ባለፈው ሳምንት ወርደን አይተናል። ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ገራባ፣ የቤት ፍርስራሽ፤ በአንድ ቦታ ደግሞ በቦዩ ላይ የተሠራ የአጥር መግቢያ ደረጃ። ስም አንጠራም፤ ባለቤቱን ቤታቸው ሄደን አነጋግረናቸዋል፣ ከሥሩ ቱቦ ለማስገባት ተስማምተዋል። ለውኃ ቧንቧ ቆፍሮ ሳይደፍን የሄደው ድርጅትም አለ፤ ለእሱ ሁለት ደብዳቤ ጽፈን መልስ እየጠበቅን ነው፤ ሦስተኛውን በአካል እንወስዳለን።

«መንገድ የከተማው ሥራ ነው፣ ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው?» የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው። አስፋልት ማልበስ የእኛ አቅም አይደለም፤ ጥያቄውን አቅርበናል፣ ማቅረባችንንም አንተውም። ነገር ግን ገራባውን ቦይ ውስጥ የጣለው ከተማው አይደለም። ደግሞም አስፋልቱ ነገ ቢመጣ ቦዩ እንደ ተደፈነ ከሆነ በሁለት ክረምት ያልቃል።

ስለዚህ ኮሚቴው ያቀረበውና በእጅ ብልጫ ያጸደቃችሁት እንደሚከተለው ነው። በሣጥን የቀረው ገንዘብ ገረጋንቲ አይገዛበትም፤ በመጀመሪያ ከወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ውኃው መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ቱቦ ይቀበርበታል። ጠረጋውን በጉልበታችን እንሠራለን። ገረጋንቲው ከዚያ በኋላ፣ ውኃው መውረዱን በመጀመሪያው ዝናብ ካየን ብቻ ይመጣል። ስድስት አባላት ተቃውመዋል፤ ከእነሱ ሁለቱ የቱቦውን ግዢ እንዲከታተሉ መርጠናቸዋል።

ሥራው የሚጀመረው በግንቦት ሁለተኛው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ መሰብሰቢያው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነው። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ቦቲ ጫማ ያለው ያድርግ፣ ቦዩ ውስጥ ስባሪ ጠርሙስ አለና ልጆች እንዳይገቡ። ጫት የሚሸጡ ሱቆች ገራባውን በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው ለቆሻሻ መኪናው ለመስጠት ቃል ገብተዋል፤ እናንተም አስታውሷቸው። ከማኅበሩ ሦስት ዶማዎች ሁለቱ መጋዘን ውስጥ አሉ፤ ሦስተኛውን የተዋሰ ሰው እስከ ዓርብ ይመልስልን።

የልማት ኮሚቴው