የሕይወት መድን ከመግባታችን በፊት

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሕይወት መድን፣ ማለት በተለምዶ የሕይወት ኢንሹራንስ ስለምንለው ነገር ነው።

አባወራው በሰኔ፣ በእርሻ ወቅት ቢሞት ቤቱ ምን ይሆናል? እድሩ ይደርሳል። ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ቀባሪ ይወጣል። እድር ትልቅ ሀብታችን ነውና ማንም አይተወው። ነገር ግን እድር ሟቹን ይሸኛል እንጂ ልጆቹን አያሳድግም። ለተዝካሩ በሬው ይሸጣል። መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። መድን የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው።

አሠራሩ ከእድር ብዙ አይርቅም። ብዙ ሰዎች በየጊዜው ገንዘብ ያዋጣሉ። መዋጮው አረቦን ይባላል። በአንድ ዓመት የሚሞቱት ጥቂቶች ስለሆኑ የብዙዎቹ መዋጮ ለጥቂቶቹ ቤተሰብ ይደርሳል።

ታዲያ ከየትኛው ድርጅት እንግባ? በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት የመንግሥት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ለግል ኩባንያዎች በር ከፈተ። እንግዲህ ምርጫ አለን ማለት ነው። ምርጫ ካለ መጠየቅ ይገባናል።

አንደኛ፣ ድርጅቱ የሥራ ፈቃድ አለው ወይ?

ሁለተኛ፣ አረቦኑ ስንት ነው? እህል ጠፍቶ አንድ ጊዜ ሳንከፍል ብንቀር ውሉ ይፈርሳል ወይስ ጊዜ ይሰጠናል?

ሦስተኛ፣ በሕይወት ብንቆይ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? አንዳንዱ ውል ዘመኑ ሲሞላ ይከፍላል። አንዳንዱ ግን ሞት ካልደረሰ ምንም አይመልስም፤ አረቦኑም በዚያው ልክ ያንሳል።

አራተኛ፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ለማን ነው? ከብድር ጋር የሚገባ መድን ብዙውን ጊዜ የሟቹን ዕዳ ለአበዳሪው ይዘጋል እንጂ ለልጆች ላይተርፍ ይችላል።

አምስተኛ፣ ሞት ሲደርስ ምን ማስረጃ ይጠየቃል? በስንት ቀንስ ይከፈላል? በአካባቢው የተከፈለው ቤተሰብ ካለ ሄደን እንጠይቅ።

እኛም በበኩላችን እውነቱን እንናገር። ዕድሜያችንን ወይም ሕመማችንን ደብቀን ብንገባ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጎዱት ልጆቻችን ናቸው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ውል በጽሑፍ እንዲሆን አዟል። ወኪሉ በቃል የነገረን ነገር ከወረቀቱ ላይ ከሌለ እንደሌለ እንቁጠረው። ድሮ ማንበብ ስለማንችል ሌላው ባነበበልን ላይ ጣታችንን እናሳርፍ ነበር። ዛሬ ግን ፊደል ቆጥረናል። ወረቀቱን ወደ ቤት ወስደን፣ ከቤተሰባችን ጋር ሆነን፣ ቀስ ብለን እናንብበው። ያልገባንን ቃል እናስመልክት። ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ስም በትክክል መጻፉን እንይ። የከፈልንበትን ደረሰኝ ሁሉ እናስቀምጥ። ወረቀቱ የት እንዳለም ለባለቤታችንና ለትልቁ ልጃችን እንንገር። ማንም የማያውቀው ውል ማንንም አይጠቅምም።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ፊርማችንን የምናኖረው አንብበን ከተረዳን በኋላ ይሁን።