ሰውነት እንዴት ይማራል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ስለ ሜዳ ትምህርት ነው። በኮልፌ ቀራንዮ አድገን በየሠፈሩ ሜዳ የጨርቅ ኳስ ያላባረርን ጥቂቶች ነን። ነገር ግን እግራችን ኳስ ማቀበልን እንዴት እንደ ተማረ ጠይቀን አናውቅም። «እሱ ሲፈጠር ጀምሮ ኳስ ያውቃል፤ እሷ ግን አልተፈጠረችበትም» ብለን እናልፈዋለን። ይህ አነጋገር እውነት መሆን አለመሆኑን ልንመረምር ይገባል፤ በዚህ ቃል የተነሣ ብዙ ልጅ ከሜዳ ዳር ቆሞ ይቀራልና።

እጅና እግር በራሳቸው አያዝዙም። ትእዛዙ ከአንጎል ተነሥቶ፥ በኅብለ ሰረሰር ወርዶ፥ በነርቭ በኩል ከጡንቻ ይደርሳል። ጡንቻና መገጣጠሚያም በበኩላቸው «አሁን እዚህ ነን» የሚል ወሬ መልሰው ይልካሉ፤ ዓይናችንን ጨፍነን አፍንጫችንን በጣታችን መንካት የምንችለው ስለዚህ ነው። ከራስ ቅላችን በስተኋላ ያለው ትንሹ አንጎል ደግሞ የታሰበውን ከተደረገው ጋር እያስተያየ ስሕተቱን ያርማል። እንግዲህ የሳትነው ምት ከንቱ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ምት ትምህርት ነው።

ልምምድ ሲባልም አንዱን ነገር እንደ ማኅተም ደጋግሞ ማተም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኒኮላይ በርንስታይን የተባለ የሩሲያ ሊቅ በመዶሻ የሚሠሩ ሠራተኞችን እንቅስቃሴ በፎቶግራፍ ተከታትሎ ነበር። መዶሻው ዒላማውን አይስትም፤ የትከሻው፥ የክርኑና የእጅ አንጓው አካሄድ ግን ከምት ወደ ምት ይለያይ ነበር። ከሠፈራችን ብዙ በማይርቀው በመርካቶ ምናለሽ ተራ ብረት የሚቀጠቅጡትን ባለሙያዎች ቆሞ የተመለከተ ሁሉ ይህ አይጠፋውም። ባለሙያ ማለት አንድ መንገድ የሸመደደ ሳይሆን፥ መንገዱ ቢለወጥ ግቡን የማይስት ነው። ስለዚህ ኳስን በቅርብም በሩቅም፥ በቀኝም በግራም እግር መለማመድ ይገባል።

ዓይንም ይማራል። የፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ከ11 ሜትር ነው። ኳሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢፈጥን፥ ከግብ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅም። ሰው ደግሞ ያየውን አይቶ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ ብቻ አንድ አምስተኛ ሴኮንድ ያህል ያልፍበታል። ስለዚህ የሠለጠነ በረኛ ኳሱ እስኪመታ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ የመቺውን ዳሌና መሬት የረገጠውን እግር አስቀድሞ ያነባል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ምሳሌ ግን ከአገራችን እናገኛለን። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ የሮማን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፥ ይህን ጊዜ ጫማ አድርጎ፥ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ድሉን ደገመው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ግን በመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልሄደም። አንጎሉ ማዘዝ አላቃተውም፤ ትእዛዙ የሚወርድበት መንገድ ተቋረጠ እንጂ።

ታዲያ አበበ ምን አደረገ? እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ዒላማ ውድድር ተካፈለ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ፥ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ላይ ተንሸራታች እሽቅድምድም አሸነፈ። የሩጫ ጥበቡ ቀስት ለመሳብ አይረዳውም ነበር፤ እጁ እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ዓለም ያጨበጨበለት ሰው እንደገና ተማሪ ለመሆን ካላፈረ፥ እኛ ምን ያሳፍረናል?

እርግጥ ነው፤ የሰው ቁመትና ጉልበት አንድ አይደለም፤ ሁሉም አበበን አይሆንም። ነገር ግን ሳይለማመድ የተካነ የለም። በየትምህርት ቤቱ ሜዳ የምናየው ልማድ ይህን የሚፃረር ነው፤ ኳስ የሚያቀብሉት ለሚያውቀው ብቻ ነው። የሚያውቀው ይበልጥ ያውቃል፤ የማያውቀው እንዳላወቀ ይቀራል፤ በኋላም «አልተፈጠረበትም» ይባላል።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ሆይ፥ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ኳሱ ለሁሉም በየተራው ይድረስ ብላችሁ እዘዙልን። ወላጆቻችን ሆይ፥ የሜዳን ሰዓት የሥራ ፈት ሰዓት አድርጋችሁ አትቁጠሩብን፤ ሰውነት በቀን የተማረውን በሌሊት ያጸናልና እንቅልፍም አትንፈጉን። ጓደኞቻችን ሆይ፥ ነገ ከሜዳ ዳር ለቆመው ልጅ ኳሱን አቀብሉት፤ ቢስትም ደግማችሁ አቀብሉት።