ቀፎ የሚወርረው ጉንዳን
በመቀሌ ዙሪያ ለሚገኙ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



የአጽቢ ነጭ ማር በመቀሌ ገበያ እንዴት እንደሚፈለግ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ ቀፎ ጠፍቶብናል። በስንት ድካም የተተካውን የንብ መንጋ ጉንዳን በአንድ ሌሊት ቢያስኮበልለው ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ጉንዳን ምግቡን እንዴት እንደሚያገኝና እንደሚይዝ እንወቅ፤ የጠላቱን አካሄድ ያወቀ መንገዱን ይዘጋልና።

ጉንዳን ይልቁንም የሚመራው በማሽተት ነው። አስቀድሞ ጥቂት ቃኚዎች ለየብቻቸው ወጥተው፥ በራሳቸው ላይ ባሉት ሁለት ቀጫጭን ቀንዶች መሬቱን እየዳሰሱ ያሸታሉ። ማር ወይም የንብ እጭ ያገኘው ቃኚ ወደ ጎሬው ሲመለስ የሆዱን ጫፍ መሬት እያስነካ ሽታ ያለው ምልክት ይተዋል። ጓደኞቹም ያንን ተከትለው ይመጣሉ። ጠግቦ የተመለሰው ሁሉ ምልክቱን ስለሚያድሰው መንገዱ እየበረታ ይሄዳል፤ ምግቡ ሲያልቅ ግን የሚያድሰው የለምና ሽታው ተኖ ይጠፋል።

ንብ ሲይዙ አንዱ እግሯን፥ ሌላው ክንፏን በመንጋጋው ነክሶ ወዲያና ወዲህ ይወጥሯታል። በሠልፍ የሚዘምተው ጉንዳን ደግሞ ቃኚ ሳይጠብቅ በብዙ ሺህ ሆኖ ይወጣል፤ ሠራተኞቹ ዓይን የላቸውም፤ ያገኙትን ሁሉ በብዛታቸው ያሸንፋሉ።

እንግዲህ የሚከተለውን አድርጉ።

1ኛ/ የቀፎውን መቆሚያ እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሙ፤ ዘይት ባይገኝ በዙሪያቸው አመድ ነስንሱ። አመዱን ዝናብ ካጠበው አድሱት።

2ኛ/ ቀፎውን የሚነካ ሣርና ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ አንዲት ሣር ለጉንዳን ድልድይ ናት።

3ኛ/ የማር ፍርፋሪ፥ አሮጌ ሰፈፍና የሞተ ንብ ከቀፎው ሥር አትተዉ።

4ኛ/ ማታ ማታ ተመልከቱ። አንድ ቃኚ ስታዩ ዛሬውኑ መንገዱን ዝጉ፤ ነገ ሠራዊቱ ይመጣል።

5ኛ/ በቀፎ አጠገብ መርዝ አትርጩ፤ ንቡንም ይፈጃልና።

ነገር ግን ጉንዳንን ሁሉ አትጥሉ። ምስጥ ብቻ እያደነ የሚኖር ጥቁር ጉንዳን አለ። ቃኚው ምስጥ ሲያገኝ ተመልሶ ጭፍራውን በሠልፍ ይመራል፤ ምስጡን ነድፈው በመንጋጋቸው ተሸክመው ይመለሳሉ፤ የቆሰለ ጓደኛቸውንም ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ ጥለው አይመጡም። ምስጥ ሰብላችሁንና የቤታችሁን እንጨት የሚበላ ስለሆነ፥ ይህ ጉንዳን ያለ ደመወዝ የሚሠራ ዘበኛችሁ ነው። በእርሻችሁ ላይ ጎሬውን ስታገኙ እለፉት።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ ይህን በቃል ብቻ አትንገሩ። በአንድ ገበሬ ጓሮ አንዱን መቆሚያ በዘይት፥ ሌላውን በአመድ አዘጋጅታችሁ ጎረቤቶቹ መጥተው እንዲያዩ አድርጉ። ዓይን ያየውን ልብ ያምነዋል።