የሚፈለገው ቃልና የሚገኘው ገጽ፦ የፍለጋ ሞተር ማመቻቸት በአማርኛ



የዛሬው ርእሴ በእንግሊዝኛው አህጽሮት ኤስኢኦ እየተባለ የሚጠራው፣ እኔ «የፍለጋ ሞተር ማመቻቸት» የምለው ሙያ ነው። አንድ ሰው የሚሻውን ዕቃ ወይም አገልግሎት በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ሲጽፍ የእኛ ገጽ ከፊተኞቹ ውጤቶች መካከል እንዲወጣለት የሚደረገው ሥራ ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላል። ሥልጠናው ግን በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ የተሰናዳውን ትምህርት እንዳለ የሚያቀርብ ነው። የእኔ ክርክር እንዲህ ነው፦ በአማርኛ ለሚነግድ ሰው ከመሣሪያዎቹ በፊት የሚቀድመው የቋንቋው የአጻጻፍ ጠባይ ነው፤ ይህን ጠባይ ያወቀ ሰው ደግሞ በእጁ የሚገባው ሥልጣን ከሚገምተው በላይ ትልቅ ነው።

ስለ ሙያው አመጣጥ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎች የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ያቀረቡት ሐሳብ ከእኛው ከምሁራን ልማድ የተቀዳ ነበር። በሌሎች ጥናቶች በብዛት የተጠቀሰ ጥናት ክብደት እንደሚሰጠው ሁሉ፣ ሌሎች ገጾች የጠቆሙት ገጽም ክብደት ይሰጠው፤ ጠቋሚው ራሱ ክብደት ያለው ከሆነ ጥቆማው ይበልጥ ይመዝን አሉ። የጥቅስ ብዛት ለማዕረግ ዕድገት ሲባል እንዴት እንደሚቆለል የምናውቅ መምህራን ቀጥሎ በመጣው ነገር አንገረምም። ሊንክ የሚሸጥና የሚገዛ ሸቀጥ ሆነ። አንድን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሃምሳ ጊዜ መደጋገም፣ በነጭ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም መጻፍ፣ ለሮቦቱ አንድ ለሰው ሌላ ገጽ ማሳየት ብልኀት ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጎግል የቢኤምደብሊውን የጀርመን ድረ ገጽ በዚሁ የመጨረሻ ጥፋት ምክንያት ለጊዜው ከውጤቱ አስወጥቶታል። በ2011 «ፓንዳ» የተባለው ማሻሻያ ይዘት የሌላቸውን ገጾች፣ በ2012 «ፔንግዊን» የተባለው ደግሞ በተገዛ ሊንክ የቆሙትን መታ። ድሮ በገጹ ኮድ ውስጥ ተደብቆ ይጻፍ የነበረውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝርም ለደረጃ እንደማይጠቀምበት ጎግል በ2009 በይፋ ተናግሯል። ዛሬም ያንን ቦታ በቃላት ሞልቶ ገንዘብ የሚቀበል «ባለሙያ» ካጋጠማችሁ የምትከፍሉት ከብዙ ዓመታት በፊት ለሞተ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። የኮዱ ችግር ተፈታ፤ የአጻጻፉ ግን አልተፈታም። እንግሊዝኛ ጻፊው ጣቱ ስቶት የተሳሳተውን ቃል ሞተሩ ያርምለታል። በአማርኛ ግን ስሕተት ሳይኖር መለያየት አለ። «የቤት ዕቃ» ብሎ የሚጽፍና «የቤት እቃ» ብሎ የሚጽፍ ሁለቱም ጠረጴዛና ወንበር ነው የሚሹት። «ዓመት» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ፊደሉን በአራት መንገድ መጻፍ ይቻላል፦ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። «ፀሐይ» በንድፈ ሐሳብ ዐሥራ ሁለት መልክ አላት፤ የመጀመሪያው ፊደል ሁለት፣ ሁለተኛው ስድስት አማራጭ ስላለው። «ኃይለ ሥላሴ» ሃያ አራት ይደርሳል፤ ሁለቱን ቃላት ማጋጠምና ማለያየት ሲጨመር አርባ ስምንት። ለሰው ዐይን እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የተለያየ ኮድ ያላቸው የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ አንድ መሆናቸውን ሰው ካላስተማረው በስተቀር አያውቅም።

ሁለተኛው ጠባይ እርባታው ነው። እንግሊዝኛ ለጫማ ሁለት መልክ ቢኖረው የእኛ «ጫማ» «የጫማ»፣ «ጫማዬን»፣ «በጫማዎቻችን»፣ «ለጫማዎቹም» እያለ ይቀጥላል። «ሸጠ» ከሚለው ግሥ «የሚሸጥ»፣ «ሽያጭ»፣ «መሸጫ»፣ «ተሸጦ» ይወጣሉ። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት የአማርኛን ቃል ከቅጥያዎቹ ገፎ ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ የሚመልስ ስልት እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። የቋንቋ ጥናትና የገበያ ጥናት ተማሪዎቻችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ የምመኘው ስለዚህ ነው። ነጋዴው በገጹ አናት ላይ «የመኖሪያ ቤት ሽያጭ አገልግሎት» ብሎ ይጽፋል፤ ገዢው ግን «የሚሸጥ ቤት» ብሎ ይፈልጋል። አንደኛው የቢሮ አማርኛ፣ ሁለተኛው የሰፈር አማርኛ ነው፤ የገበያ ሰው ሁለተኛውን መስማት አለበት።

ጥብቀትና ላልነትም አለ። «ሰፊ» ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የቦታ መጠን ነው። ጽሑፉ አይለያቸውም። «ልብስ ሰፊ ቦሌ» እና «ሰፊ ቤት ቦሌ» ብሎ የጎረቤት ቃል ማስከተል ብቻ ነው መፍትሔው፤ ነጠላ ቃል በአማርኛ ደካማ ቁልፍ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ሁሉንም አጻጻፍ በገጹ ግርጌ ደርድሩት የሚል ነው። ይህን አልቀበልም። አንደኛ፣ ቃል መከመር ስለሆነ የሞተሮቹን ሕግ ይጥሳል። ሁለተኛ፣ አንባቢውን ይንቃል። እኔ የምመክረው በርእሱና በዋናው ጽሑፍ አንድ አጻጻፍ፣ የሚቻል ከሆነም መዝገበ ቃላት የሚደግፈውን፣ መርጦ በዚያ መጽናትን ነው። ሌሎቹ መልኮች በተፈጥሮ በሚገቡበት ይግቡ፦ ደንበኞች በራሳቸው እጅ የጻፉትን ጥያቄና አስተያየት ሳናርም እናውጣው። ደንበኛው «እቃ» ካለ «እቃ» ይሁንለት።

መሣሪያን በተመለከተ፣ ሰርች ኮንሶል የተባለው የጎግል ነጻ አገልግሎት ከሚሸጡት ሁሉ በላይ ይጠቅማል። ገጻችሁ በየትኛው የፍለጋ ቃል ስንት ጊዜ እንደታየና ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይነግራችኋል። ዝርዝሩን አውርዳችሁ ተመልከቱ፤ ሰዎች እንዴት እንደሚጽፉ፣ በየትኛው «ሀ» እንደሚጽፉ፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፈው ምን ያህል እንደሆነ የምታዩበት መስኮት ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ሆኖ የሐበሻ ልብስ የሚያስመጣ ደንበኛ የግእዝ ፊደል ያለው የመጻፊያ ሰሌዳ ላይኖረው ይችላል። ጎግል ትሬንድስ የፍለጋን ወቅታዊ መዋዠቅ ያሳያል፤ ነገር ግን የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ቀን ነው። ፋሲካ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳልና ያምናውን ሚያዝያ ከዘንድሮው ሚያዝያ ጋር የሚያነጻጽር ነጋዴ ጾሙን ከፍስኩ ጋር ሊያነጻጽር ይችላል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የሰዓቱ ነገር ነው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት» የሚሠራ ሱቅ በካርታው መዝገብ ላይ ቁጥሩን እንዳለ ካስገባው፣ ዓለም የሚያነበው ሱቁ ሌሊት ተከፍቶ ሌሊት እንደሚዘጋ ነው። መግባት ያለበት 8፡00 እና 19፡00 ነው። የገጽ አድራሻም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ አድራሻው ሲገለበጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ «ቡና» ብቻዋን 18 ምልክት ትይዛለች። አድራሻውን በአጭር ላቲን፣ ርእሱንና ይዘቱን በአማርኛ ማድረግ ይሻላል። በሥዕል ላይ የታተመ ማስታወቂያም አለ። ዋጋውን፣ ስልኩን፣ የዕቃውን ስም ሁሉ በአንድ ፖስተር ምስል ላይ ጽፎ መለጠፍ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ምስሉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ በፍለጋ ይገኛል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ያው መልእክት ከሥሩ በጽሑፍ ይደገም። ከዚህ በላይ ዋናው የገጹ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይከፈት የሚለው የጎግል መለኪያ ለእኛ ከደረጃ ጉዳይ ያለፈ ነው፤ ዳታ በካርድ የሚሞላ ደንበኛ ከባድ ገጽ ሲከፍት በገንዘቡ ነው የሚከፍተው።

ስለ ሥልጣን ያልኩትን ላብራራ። በእንግሊዝኛ ስለ ስኳር በሽታ የሚፈልግ ሰው ዘንድ ለመድረስ አንድ የመድኃኒት ነጋዴ የትልልቅ የሕክምና ተቋማትን ገጾች መሻገር አለበት። ጎግል ጤናንና ገንዘብን በሚመለከት ጉዳይ ገጾችን በጥብቅ እንዲመዝኑለት ለገምጋሚዎቹ ባወጣው መመሪያም ይህን አጠንክሮታል። ሆኖም ሞተሩ መምረጥ የሚችለው ካለው ውስጥ ነው። በአማርኛ ስለዚያው በሽታ በጥንቃቄ የተጻፈ ገጽ ከጥቂት የማይበልጥ ከሆነ፣ ርእሱን አሳምሮ፣ ቃሉን መርጦ፣ ገጹን አፍጥኖ «በ21 ቀን የሚያድን ቅጠል» የሚሸጥ ሰው ተፎካካሪ የለውም። ዛሬ ማታ ያስተማርኳችሁን ሁሉ በትክክል የሠራው እሱ ነው። የሚፈልገው ሰው ደግሞ እንግሊዝኛውን ማንበብ ስለማይችል ሌላ ገጽ አያወዳድርም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ጎግል በውጤቶቹ አናት ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጠናቀረ መልስ ማሳየት ጀምሯል፤ እንዲህ ያለ መልስም የሚጠናቀረው በድር ላይ ከተገኘው ጽሑፍ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሙያ የማታለል ጥበብ አድርገው ስለሚያዩት በዩኒቨርሲቲ መማሩ አይስማማቸውም። እኔ የምመልሰው፣ አታላዩ ተምሮታል፤ ሐኪሙና መምህሩ ናቸው ያልተማሩት ብዬ ነው። በየዓመቱ በእንግሊዝኛ ተጽፈው ሼልፍ ላይ የሚቀመጡት የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ብድርና ቁጠባ ብዙ ይዘዋል። ለእያንዳንዱ 300 ቃል ያህል የአማርኛ ማጠቃለያ ተጽፎ፣ ርእሱ ሰው በሚፈልግበት አነጋገር ተሰጥቶት፣ በፒዲኤፍ ምስል ሳይሆን በንጹሕ ጽሑፍ በፋኩልቲው ድረ ገጽ ላይ ቢወጣ፣ ለአንድ ጽሑፍ የሚወስደው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የማርኬቲንግ ተማሪዎች የዚህን ሴሚስተር የተግባር ሥራ በዚህ ላይ እንዲያደርጉ ለትምህርት ክፍሉ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ከበሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ አስፍሩልኝ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።