የሠዓሊ ከበደች ተክለአብ ሕይወትና ሥራ

(በገላን ኮንዶሚኒየም ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት እዚሁ ኮሙናል ውስጥ ፊደል ስናስጽፍ አንዲት እናት እርሳሱን አስቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ ይህ እጅ አረምና ኩበት የለመደ ነው። ለፊደል አይታዘዝም፤ ጊዜው አልፎብኛል» አሉን። ምን ብለን እንደምንመልስ ቸገረን። ዛሬ ስለ አንዲት ሠዓሊ የምንነግራችሁ ስለዚህ ነው።

ከበደች ተክለአብ የተወለዱት በ1958 ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጠራው።) በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ይማሩ ነበር። ቀጥሎ ቀይ ሽብር መጣ። ያን ጊዜ ያያችሁ ከመካከላችሁ ስላላችሁ እኛ ለእናንተ አንተርክም። ብዙ ወጣት አለቀ፤ ብዙውም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ከበደችም በ1979 ሲሸሹ ኦጋዴን ላይ በሶማሊያ ወታደሮች እጅ ወደቁ። ሁለቱ አገሮች በ1977 እና በ1978 ተዋግተው ቂሙ ገና አልበረደም ነበር። ወታደር ያልሆኑት ከበደችም ወደ ሶማሊያ ተወስደው ታሠሩ።

እስራቱ አሥር ዓመት ያህል ቆየ። እስቲ አስቡት፣ አሥር ክረምት! በዚያን ጊዜ የተተከለ ባሕር ዛፍ ለቤት ምሰሶ ይደርሳል። በሃያ አንድ ዓመታቸው የገቡት ሴት ሠላሳ አልፏቸው በ1989 ተፈቱ። ከዚያ ቤተሰባቸው ወዳለበት ወደ አሜሪካ ሄዱ።

እንግዲህ እርሳቸውስ «ጊዜው አልፎብኛል» ቢሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እሳቸው ግን ደብተር ይዘው ከታናናሾቻቸው ጋር ተቀመጡ። ዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል ተምረው በ1992 የመጀመሪያውን፣ በ1995 ሁለተኛውን ዲግሪ ተቀበሉ። ኋላም ራሳቸው የሥዕል አስተማሪ ሆኑ። ግጥምም ይጽፋሉ፤ «የት ነው?» የሚባል የአማርኛ መጽሐፍ አላቸው።

በሥዕላቸው ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት የሰውን ልጅ መከራ ነው። በዚህ ነገር እኛም እርስ በርሳችን ተከራክረናል። ከመካከላችን አንዱ ሥዕል ደስ ካላሰኘ ምን ያደርጋል አለ። ግን ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርድ ሴት ሥራዋ ደስ ማሰኘት ነው እንዴ? ሟቹ እንዳይረሳ ነው የምታወርደው። የከበደችንም ሥራ እኛ እንደዚያ እናየዋለን።

ከከበደችም ዘግይተው የጀመሩ አሉ። በአውስትራሊያ ከነባሩ ሕዝብ የተወለዱ ኤሚሊ ካሜ ኪንግዋሬይ የሚባሉ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ በጨርቅ ላይ በሰምና በቀለም ይሠሩ ነበር። በሸራ ላይ መሳል የጀመሩት ግን ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀረው ነው! በ1996 እስኪሞቱ ድረስ፣ በስምንት ዓመት ገደማ፣ ሦስት ሺህ ያህል ሥዕል ሠሩ። የሚስሉት ያደጉበትን መሬትና ከአፈር ውስጥ ቆፍረው የሚበሉትን ሥራ ሥር ነበር። ያንን ሥር የሚያውቁት በመቆፈሪያ ነው፤ በትምህርት ቤት አይደለም።

ወደ ከበደች እንመለስ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ከነበሩት ከታላቁ ሠዓሊ ከእስክንድር ቦጎሲያን ጋር ሆነው ዋሽንግተን ላለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሥራ ሠርተዋል። ያለቀው በ2001 ነው፤ እስክንድር ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ሥራው በቀለም የተሳለ አይደለም፤ ድስት ከሚሠራበት ከአሉሚኒየም የተቀረጸ ነው። የክርስትናም የእስልምናም ጌጥ አለበት። የሙዚቃ መሣሪያ፣ የአገራችን ዕፅዋትና እንስሳት አሉበት። ሰው በየቀኑ የሚሠራበት ዕቃም አለበት፤ ገበሬ የሚይዘው ዓይነት ዕቃ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ቁመቱ ከሦስት ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ ከቆመ ሰው ሁለት እጥፍ ነው። ርዝመቱ 16 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል። ይህ ምን ያህል እንደሆነ በወሬ አይገባም። ስለዚህ አሁን ወደ ግቢው እንውጣና ከዚህ በር ጀምረን በእርምጃ እንለካው። እኚያ እናታችን ይቁጠሩልን፤ ስንመለስም ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ይጻፉልን።